ሰማያዊው ጓንት እስከ የት ድረስ ይታመናል?

የዛሬው ግምገማዬ በየላብራቶሪው ጠረጴዛ ላይ በካርቶን ተቀምጦ ስለሚታየው፣ ናይትራይል ከሚባል ሰው ሠራሽ ላስቲክ ስለሚሠራው ስስ ጓንት ነው። አንዴ ተጠልቆ የሚጣለው፣ ብዙውን ጊዜ ሰማያዊ የሆነው። ሥራዬ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ስለሆነ ይህን ጓንት ሳላጠልቅ የዋልኩበት የሥራ ቀን ትዝ አይለኝም። እወደዋለሁ። ግን ላብራቶሪ ውስጥ ካሉት መከላከያዎች ሁሉ ሰው ከልኩ በላይ የሚያምነው ይህንኑ ነው። ይህን ግምገማ የምጽፈውም ለዚሁ ነው።

ፍርዴን ላስቀድም። ለተሠራበት ሥራ ግሩም ዕቃ ነው። የተሠራበት ሥራ ደግሞ የተፈናጠረች ጠብታን፣ አውልቃችሁ እስክትጥሉት ድረስ፣ ለአጭር ጊዜ መያዝ ነው። ከዚያ በላይ ከጠበቃችሁበት ጉድ ይሠራችኋል።

መልካሙን ልጀምር። ውፍረቱ 0.1 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። በዚህ ስስነቱ ጣት ስሜቱን አያጣም። የትንሿን ብልቃጥ ክዳን ስታጠብቁ ጥርሱ በትክክል ይዞ እንደሆነ ታውቁታላችሁ። የፒፔቱ (የፈሳሽ መምጠጫና መለኪያው) ጫፍ በደንብ መግባቱ ይሰማችኋል። ወፍራም ጓንት አድርጎ ይህን ሥራ የሞከረ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። በወፍራሙ ብልቃጡ ከእጅ ያመልጣል፣ ሲያመልጥ ደግሞ ጓንቱ ራሱ አደጋ አመጣ ማለት ነው። የጣቶቹ ጫፍ ሸካራ ሆኖ የተሠራውን ምረጡ። ልሙጡ እርጥብ ብርጭቆ ላይ ያንሸራትታል።

ልክ ትልቅ ነገር ነው። የሰፋ ጓንት ጣት ጫፍ ላይ ትርፍ ይኖረዋል። ያ ትርፍ በመቆንጠጫ ይያዛል፣ የጋለ ነገር ይነካል፣ ብልቃጥ ውስጥ ይነከራል። የጠበበው ደግሞ ይወጠራል፣ ሲወጠር ይሳሳል። መጀመሪያ የሚቀደደው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለው ቦታ ነው። ላብራቶሪያችሁ አንድ ልክ ብቻ ገዝቶ ‹‹ለሁሉም ይሆናል›› ካለ ተከራከሩ፣ አይሆንም።

ሌላው የምወደው ነገር፣ ናይትራይል ሲበሳ አይደበቅም። ላቴክስ (የተፈጥሮ ጎማ) በትንሽ ቀዳዳ ሲበሳ ቀዳዳው ተመልሶ ተገጣጥሞ አይታይ ይሆናል። ናይትራይል ግን አንዴ ሲነካ ይተረተራል። ይህን እንደ ጉድለት የሚያዩ አሉ። እኔ የማየው በተቃራኒው ነው። የተቀደደ ጓንት መቀደዱን ቢነግረኝ ይሻለኛል።

አዲስ ጓንት ሁሉ ግን ደህና ነው ማለት አይደለም። ፋብሪካ ውስጥ ከየምርቱ ናሙና ይወሰድና ጓንቱ በ1 ሊትር ውሃ ተሞልቶ ይንጠባጠብ እንደሆነ ይታያል። ካርቶኑ ላይ ‹‹ኤኪውኤል 1.5›› የሚል ጽሑፍ ካያችሁ፣ ባጭሩ ከ100 ጓንት አንድ ሁለቱ ቢያፈስስ እንኳ ምርቱ ሊያልፍ ይችላል ማለት ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ይሻላል፣ 0.65 የተጻፈበት 1.5 ከተጻፈበት የተሻለ ነው። ክፉ ነገር ልነካ ስል እኔ አንገቱ ላይ አየር ይዤ እጠቀልለውና ጣቶቹን ጫን ጫን እላለሁ። አየር ካመለጠ ወደ መጣያ ነው። በአፍ አትንፉት፣ ያን ጓንት ከእናንተ በፊት ማን በምን እጁ ከካርቶኑ እንደነካው አታውቁም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ኬሚካሉ ልምጣ።

ብዙ ሰው ጓንት ካልተቀደደ አያስገባም ብሎ ያስባል። ኬሚካል ግን ቀዳዳ አይፈልግም። ዘይት ወረቀትን እያራሰ በሌላው በኩል እንደሚወጣው፣ ሞለኪውሎቹ በላስቲኩ ውስጥ እየሰረጉ ያልፋሉ። ጓንቱ ከላይ ሲያዩት ምንም አልሆነም። ውስጡ ያለው ቆዳ ግን እየተነካ ነው።

ናይትራይል የአክሪሎናይትራይልና የቡታዳይን ውህድ ላስቲክ ነው። ዘይትና ቅባት አይደፍሩትም። እንደ ሄፕቴን ያሉትን በደንብ ይቋቋማል። 40 በመቶ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ላይ አጥብቆ ይቆማል። አሴቶን የሚባለው አሟሚ ፈሳሽ ሲመጣ ግን ነገሩ ይገለበጣል። አሴቶን ስሱን ናይትራይል ለማለፍ ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም፣ ነገሩ የደቂቃ ጉዳይ ነው። ሌላው አሟሚ ዳይክሎሮሜቴን ደግሞ ከሱም ይብሳል። ክሎሮፎርምና ቴትራሃይድሮፊዩራንም ወዳጆቹ አይደሉም።

አዲስ የሚመጡ ተማሪዎች ብልቃጥ ሲያጥቡ ‹‹አሴቶን እኮ ነው፣ ምን ያደርጋል?›› ይሉኛል። አሴቶኑ ብቻውን ቢሆን ብዙም ባልከራከርኩ። ችግሩ አሴቶኑ ብልቃጡ ውስጥ የቀረውን ነገር አሟሙቶ ይዞት መሄዱ ነው። የሚታጠበው እኮ አሴቶን የነበረበት ብልቃጥ አይደለም፣ ሌላ ነገር የነበረበት ነው። እና ተማሪው ለግማሽ ሰዓት በዚያው ጓንት ሲያጥብ ትኩር ብላችሁ እዩ። የጣቶቹ ጫፍ አብጦ ይሸበሸባል፣ ይረዝማል፣ ቀለሙ ይደበዝዛል። ያ ጓንት ሥራውን ከጨረሰ ቆይቷል።

ዳይክሎሮሜቴን ሲያልፍ ደግሞ ራሱን ያሳውቃል። መጀመሪያ ጣት ላይ ቅዝቃዜ ይሰማል። ወዲያው የሚያቃጥል ስሜት ይከተላል። በጓንቱና በቆዳው መካከል ታፍኖ ስለሚቀር መትነን አይችልም፣ ስለዚህ ባዶ እጅ ላይ ከሚሆነው የባሰ ያቃጥላል። እንዲህ ሲሰማችሁ ‹‹ይቺን ልጨርስና›› የሚባል ነገር የለም። እጃችሁ ላይ ያለውን አስቀምጡ፣ አውልቁ፣ ታጠቡ፣ አዲስ አጥልቁ።

ሳያሳውቅ የሚያልፈው ግን ከሁሉም ይከፋል። የካረን ዌተርሃንን ታሪክ በሙያችን ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። በአሜሪካ ዳርትመዝ ኮሌጅ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ነበሩ፣ መርዛማ ብረታ ብረቶችን ነበር የሚያጠኑት። እ.ኤ.አ. ኦገስት 14 ቀን 1996 ዳይሜቲል ሜርኩሪ ከሚባለው እጅግ መርዛማ ፈሳሽ ጥቂት ጠብታ በላቴክስ ጓንታቸው ላይ ወደቀ። ሥራው የሚሠራው ፊውም ሁድ (መርዛማ ትነትን ስቦ የሚያወጣ የላብራቶሪ ሳጥን) ውስጥ ነበር። ጓንትም አድርገዋል። በወቅቱ ጥንቃቄ የሚባለውን ሁሉ አድርገዋል። ወራት አለፉ። ጃንዋሪ 1997 ላይ አካሄዳቸው ተናጋ፣ ንግግራቸው ተሳሰረ፣ ሆስፒታል ገቡ። ጁን 8 ቀን 1997 በ48 ዓመታቸው አረፉ። ከዚያ በኋላ በተደረገ ፈተና ዳይሜቲል ሜርኩሪ ስሱን የላቴክስ ጓንት በ15 ሰከንድ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ እንደሚያልፈው ታወቀ። 15 ሰከንድ! ጠብታዋን አይቶ፣ ደንግጦ፣ አውልቆ ለመጣል እንኳ የማይበቃ ጊዜ ነው።

ይህን ሳስብ ሁሌ የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። የሕክምና የጎማ ጓንት ታሪክም የሚጀምረው ከሜርኩሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1889 እና በ1890 አካባቢ በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ካሮላይን ሃምፕተን የምትባል የቀዶ ሕክምና ነርስ በሜርኩሪ ክሎራይድ ማጽጃ ምክንያት እጇ ይቆስልባት ነበር። የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ዊልያም ሃልስቴድ የጉድይር ጎማ ኩባንያ ለእሷ ስስ ጓንት እንዲሠራ አደረገ። ለዚያ ለሜርኩሪ ጓንቱ በቃ። ለዳይሜቲል ሜርኩሪ አልበቃም። የሜርኩሪ ውህድ መሆናቸው አንድ ቢያደርጋቸውም ጓንቱ ፊት ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስለዚህ ‹‹ጓንት አድርጌያለሁ›› ያለ ሰው ገና ግማሹን ነው የነገረን። የትኛውን ጓንት፣ ለየትኛው ኬሚካል፣ ለስንት ደቂቃ?

መልሱ በከፊል ካርቶኑ ላይ አለ። ችግሩ የተጻፈው ለማንም እንዳይገባ ሆኖ ነው። ለምርቱ የምሰጠውን ነጥብ የምቀንሰውም እዚህ ላይ ነው።

ኢኤን አይኤስኦ 374 በሚባለው የአውሮፓ የጓንት መስፈርት የተፈተነ ጓንት የፍላስክ (የላብራቶሪ ብልቃጥ) ሥዕል ይኖረዋል። ከሥዕሉ በላይ ‹‹ዓይነት ኤ››፣ ‹‹ዓይነት ቢ›› ወይም ‹‹ዓይነት ሲ›› ይላል። ዓይነት ኤ ማለት በመስፈርቱ ከተዘረዘሩት 18 ኬሚካሎች ቢያንስ ስድስቱን፣ እያንዳንዱን ቢያንስ ለ30 ደቂቃ የሚይዝ ነው። ዓይነት ቢ ሦስቱን ለ30 ደቂቃ። ዓይነት ሲ አንዱን ለ10 ደቂቃ። ከሥዕሉ በታች ደግሞ ፊደላት ይደረደራሉ፣ እያንዳንዱ ፊደል የአንድ ኬሚካል ምልክት ነው። ስስ ናይትራይል ላይ ብዙ ጊዜ የምታዩት ‹ኬ›፣ ‹ፒ› እና ‹ቲ› ነው። ‹ኬ› 40 በመቶ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፣ ‹ፒ› 30 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ ‹ቲ› 37 በመቶ ፎርማልዴሃይድ ነው። አሴቶን ‹ቢ› ነው፣ ዳይክሎሮሜቴን ‹ዲ› ነው። ስሱ ጓንት ላይ እነዚህን ሁለቱን ፈልጓቸው፣ አታገኟቸውም።

እዚህ ላይ አንድ አደናጋሪ ነገር አለ። ‹‹ዓይነት ቢ›› የሚለውን አይቶ ‹ቢ› አሴቶን ነው ብሎ የሚያስብ ሰው አጋጥሞኛል። አይደለም። ከላይ ያለው የደረጃው ስም ነው፣ ኬሚካሉን የሚናገረው ከታች ያለው ፊደል ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ሰው ቆሞ በችኮላ እንዲያነበው ማድረግ ትክክል አይመስለኝም።

የደቂቃውን ቁጥር ብታገኙም በጥንቃቄ ውሰዱት። ፈተናው የሚደረገው 23 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። እጅ ደግሞ ጓንት ውስጥ ታፍኖ ከዚያ በላይ ይሞቃል፣ ሙቀት ሲጨምር ማለፉ ይፈጥናል። ሲተጣጠፍና ሲለጠጥም እንደዚሁ። ከዚያ በላይ ደግሞ፣ በአውሮፓው መስፈርት ‹‹አለፈ›› የሚባለው በእያንዳንዱ ስኩዌር ሴንቲሜትር በደቂቃ 1 ማይክሮግራም ማለፍ ሲጀምር ነው። በአሜሪካው 0.1 ሲሆን ነው። ስለዚህ አንዱ ጓንት በሁለቱ መስፈርት ሁለት ዓይነት ቁጥር ሊኖረው ይችላል። ሁለት አምራቾችን ስታወዳድሩ መስፈርቱ አንድ መሆኑን እዩ። በቁጥሩ ውስጥ ያለው ሰዓት ደግሞ የሚቆጠረው ኬሚካሉ ከነካበት ጊዜ ጀምሮ ነው። ጠብታዋ የነካችውን ጓንት ጠርጋችሁ ብትቀጥሉ፣ ላስቲኩ ውስጥ የገባው መጓዙን አያቆምም።

ታዲያ ስሱ ካልሆነ ምን ይደረግ? ለአሴቶንና ለዘመዶቹ የቡቲል ጎማ ጓንት ጥሩ ነው። ለዳይክሎሮሜቴን የፒቪኤ (ፖሊቪናይል አልኮል) ጓንት አለ፣ ግን ውሃ ያበላሸዋል፣ ስለዚህ ውሃ ላለበት ሥራ አይሆንም። ከሁሉም ሰፊ መከላከያ ያለው ከተደራረበ ስስ ፕላስቲክ የሚሠራው የላሚኔት ጓንት ነው። ከዌተርሃን ሞት በኋላ ለዳይሜቲል ሜርኩሪ የተመከረው እሱ ነው፣ ከላዩ ጠንካራ ጓንት ተደርቦበት። ላሚኔቱ እጅ ላይ በደንብ አይቀመጥም፣ ይንኮሻኮሻል፣ ጣት ላይ ይዞራል። እኔ ከላዩ አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ናይትራይል አጠልቅበታለሁ። ያን ጊዜ ይይዛል። ስሱ ናይትራይል ከሌላ ጓንት ጋር ሲሠራ በጣም የሚያምርብኝ እዚህ ላይ ነው።

ሁለት ናይትራይል መደረብም ይረዳል። በተለይ የተለያየ ቀለም ከሆነ፣ ከሥር ጠቆር ያለ፣ ከላይ ፈካ ያለ፣ የላይኛው ሲቀደድ ወዲያው ይታያል። ከቀለም ጥቁሩን ብቻውን አልመክርም። ያምራል፣ ግን የፈሰሰበትን አያሳይም።

ይህ ጓንት ፈጽሞ የማይሆንባቸው ሥራዎች አሉ። መርፌ አያቆምም። የተሰበረ ብርጭቆ አያቆምም። 196 ዲግሪ ከዜሮ በታች የሆነው ፈሳሽ ናይትሮጅን ሲነካው ይደርቅና ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ለሱ ሰፋ ያለና ወፍራም፣ ፈሳሹ ከገባበት በአንድ ጊዜ አራግፎ የሚጣል ጓንት ነው የሚያስፈልገው። እሳትም አይችልም። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 29 ቀን 2008 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ አንዲት የ23 ዓመት ወጣት የላብራቶሪ ረዳት ተርት ቡታይል ሊትየም በስሪንጅ ስትስብ የስሪንጁ ፒስተን ወጣ፣ ፈሳሹ አየር ሲነካው ነደደ። የናይትራይል ጓንት አድርጋ ነበር። ጋዋን ግን አልለበሰችም፣ ከላይ የለበሰችው ሹራብም ሰው ሠራሽ ነበር። ከ18 ቀን በኋላ ሞተች። እጅ ስለተሸፈነ ሰው ተሸፈነ ማለት አይደለም።

ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ለብቻው መነሳት አለበት። ቀጠን ያለው ሲነካ ወዲያው ላያም ይችላል፣ ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ይመጣል። እስከዚያ ፍሎራይዱ ወደ ውስጥ እየዘለቀ የሰውነትን ካልሲየም ይይዛል። በአንድ ስስ ናይትራይል ይህን አሲድ የሚነካ ሰው ካየሁ ሥራውን አስቆማለሁ፣ ማንም ይሁን ማን። የካልሲየም ግሉኮኔት ጄል አጠገባችሁ ከሌለም ጠርሙሱ አይከፈት።

ስለ ቆዳም ትንሽ ልበል። ናይትራይል የላቴክስ ፕሮቲን የለበትም፣ በላቴክስ አለርጂ የሚሰቃዩትን ገላግሏል። ዱቄት የተነሰነሰባቸውን ጓንቶች የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ከጃንዋሪ 2017 ጀምሮ ለሕክምና እንዳይውሉ አግዷል። ላብራቶሪም ውስጥ አያስፈልጉም። ናይትራይል ግን ከአለርጂ ፈጽሞ ነፃ ነው የሚለው ወሬ ልክ አይደለም። ላስቲኩን ለማጠንከር ታዩራም፣ ካርባሜት የሚባሉ ማፋጠኛ ኬሚካሎች ይጨመሩበታል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ በዚህ የተነሳ የእጇ አንጓ ላይ፣ ጓንቱ በሚያልቅበት ቦታ፣ ቀይ ቀለበት የመሰለ ሽፍታ ይወጣባት ነበር። የሚያሳክከው ጓንቱን ባደረገች ማግስት ስለሆነ ለረጅም ጊዜ ከጓንቱ ጋር አላገናኘችውም። ማፋጠኛ ወደሌለበት ናይትራይል ስትቀይር ሽፍታው ተዋት። ካርቶኑ ላይ ‹‹ከማፋጠኛ ነፃ›› የሚል ፈልጉ።

አሁን ደግሞ በጣም የሚያናድደኝ ነገር። ጓንት አድርጎ በር መክፈት። ጓንት አድርጎ አሳንሰር መጥራት። ጓንት አድርጎ ስልክ ማንሳት! ባለጓንቱ የራሱ እጅ ንጹሕ ነው። መያዣው ላይ የተወውን የሚወስደው ከኋላው በባዶ እጁ የሚመጣው ሰው ነው፤ ያ ሰው የጽዳት ሠራተኛ ሊሆን ይችላል፣ ኬሚካል የሚባል ነገር የማይነካ ሰው። ናሙና ይዞ ኮሪደር ማለፍ ግድ ከሆነ አንዱን እጅ አውልቁ። በጓንቱ ያዙ፣ በባዶው ክፈቱ። ኮምፒውተሩ ኪቦርድ ላይ ደግሞ በጓንት ይነካል ወይስ በባዶ እጅ የሚለውን ላብራቶሪው ወስኖ ይጻፍበት። ግማሹ በጓንት፣ ግማሹ በባዶ እጅ የሚነካው ኪቦርድ ከሁሉም የባሰ ነው።

አወላለቁም ሥራ ነው። የአንዱን ውጪ በሌላው ጓንት አንጓው አጠገብ ቆንጥጡና ገልብጣችሁ አውልቁ፣ በቀረው መዳፍ ጨብጡት። ከዚያ ባዶውን ጣት በሁለተኛው ውስጥ፣ በቆዳና በጓንቱ መካከል፣ አስገብታችሁ ገልብጡ። የመጀመሪያው በሁለተኛው ውስጥ ይቀራል። ከዚያ እጅ መታጠብ። ይህን ለመቀበል የሚቸገር ሰው ካለ አንድ ደማቅ ቀለም ጓንቱ ላይ ቀብቶ ያውልቅ፣ ቆዳው ላይ የቀረውን ያየዋል። አውልቆ መልሶ ማጥለቅ ግን የለም፣ ስሙም እኮ አንዴ ተጠልቆ የሚጣል ነው።

እና ማን ይግዛው? ባዮሎጂ፣ የውሃ ሙሙቶች፣ ሴል ማሳደግ፣ ቀላል ምዘና ከሆነ ሥራችሁ፣ ያለማመንታት ግዙት። እንደኔ በአሟሚ ፈሳሾች ውስጥ የምትውሉ ከሆነ ይህንንም ግዙ፣ አጠገቡ ግን ቡቲልና ላሚኔት ይኑር። ጠቅላላ ርዝመቱ 24 ሴንቲሜትር የሆነው የተለመደው ነው። ከቻላችሁ 30 የሆነውን ውሰዱ፣ በጋዋን እጅጌና በጓንት መካከል የሚቀረው ክፍት ቆዳ ይዘጋላችኋል። ከፀሐይና ከኤሌክትሪክ ሞተር አርቃችሁ አስቀምጡ፣ ላስቲኩ ያረጃል።

ከአምስት ኮከብ አራት እሰጠዋለሁ። አምስተኛውን የያዝኩት ለአምራቾቹ ነው። ሠንጠረዡን በድረ ገጽ ጥግ ከመቅበር ካርቶኑ አፍ ላይ፣ ጓንቱ በሚሳብበት ቦታ፣ የኬሚካሉን ስም በቃልና ደቂቃውን በቁጥር አትሙልን። የፍላስኩ ሥዕል ይኑር፣ ግን ‹ቢ› እና ‹ዲ› አለመኖራቸውን ሰው እንዲገምት አታድርጉ። ‹‹አሴቶን፦ ወዲያው ቀይሩ›› ብሎ መጻፍ ስንት ቀለም ይፈጃል? እስከዚያው እኛ ከጓንቶቹ መደርደሪያ በላይ የራሳችንን ወረቀት ለጥፈናል። በግራ የምንጠቀምባቸው ፈሳሾች፣ በመካከል የጓንቱ ዓይነት፣ በቀኝ ከአምራቹ መረጃ የተወሰደ ደቂቃ። አዲስ ፈሳሽ ሲገዛ፣ ጠርሙሱ ከመከፈቱ በፊት አንድ መስመር ይጨመርበታል።